ቆራሌው ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ፒያሳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የሰው ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ከጊዮርጊስ ቅዳሴው ይመጣል። ቀጥሎ የወያላው «አራት ኪሎ! ካዛንቺስ!» ይከተላል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ደግሞ ቆራሌው። «ቆራሌዮ!» ብሎ አንዴ ሲለቀው የሰፈሩ ሴቶች ከየጓዳው ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዷ የተበሳ ድስት፣ አንዷ ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ አንዷ ባዶ ጠርሙስ ይዛ። ቆራሌው ጆንያውን መሬት ላይ ጥሎ ቁጢጥ ይላል። ከዚያ ክርክር ነው። ሃያ አምስት ሳንቲም ለማስጨመር ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ እየተሸረፈ የመጣ ነው ይባላል። የሰበሰበው ሁሉ መድረሻው መርካቶ ነው፣ ምናለሽ ተራ። እዚያ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። በልጅነቴ አንድ ነገር ሲሰበር «ጣለው» ያለኝ ሰው አላስታውስም። «አስቀምጠው፣ ለቆራሌው» ነበር የሚባለው።

አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኡበር እነዳለሁ። ከ14 ዓመት በኋላ ዘንድሮ ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ።

ዳያስፖራ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ወሬው ሁለት ነው። አንዱ «አዲስ አበባ ዱባይ ሆናለች» ይላል። ሌላው «አለቀላት» ይላል። ሁለቱም የመጡት በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። እኔን ደግሞ ጓደኞቼ ቡና ላይ «እህሳ፣ አገር እንዴት ነው?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ሆነ። «መጣል ጀምረናል» አልኳቸው። ምን ለማለት እንደፈለግኩ አልገባቸውም። እስኪ እዚህ ልሞክረው።

ከቦሌ የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሻንጣዬን ጭኖ መሪው ላይ ተቀመጠ። ጭጭ። «አስነሳው እንጂ» አልኩት። ሳቀብኝ። ለካ መኪናው ተነስቶ መንገድ ጀምረናል። የኤሌክትሪክ ነው፣ ቻይና ሠራሽ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ይህን በማድረግ ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። እኔ የሀብታሙ አገር ነዋሪ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ሳቃጥል እውላለሁ፤ የአክስቴ ልጅ በዓባይ ውኃ ይነዳል። ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ ኩራትም አለበት። ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል አዲስ አበባ ነበርኩ። እንደ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሁሉ የአንድ ወር ደመወዜን በዓመት ከፋፍዬ ቦንድ ገዝቻለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በስልክ አየሁት። 5,150 ሜጋ ዋት። በምክንያት የሚኮራበት ነገር ያገኘ ሰው ይኩራ እንጂ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ቤት ስንደርስ ግን መብራት ጠፍቷል። መኪናው ሳይሞላ አደረ። «ትራንስፎርመር ነው» አለኝ፤ «ግድቡ ምን ያድርግ!» ልክ ነው። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን ደጅ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መስመሩ አርጅቷል፣ ማከፋፈያው ተጨናንቋል። ከከተማ ወጣ ካልን ደግሞ ማታ መብራት የማያውቅ ሰው ዛሬም በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

በጨለማው ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ይሄ ባትሪ ሲያልቅስ ማን ይወስደዋል?»

«ገና ነው፤ ያኔ ይታሰብበታል።»

የድሮ መኪና ባትሪ ቢሆን ጌታ አለው። ቆራሌው ይወስደዋል፣ እርሳሱን የሚያቀልጡ አሉ፤ ጤናቸውን እየበላው ቢሆንም። የሊቲየሙ ግን ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። በመዶሻ ቢመቱት ይነዳል። እሱን የሚፈታ ፋብሪካ ያስፈልጋል። አሜሪካም ገና በመገንባት ላይ ናት። የእኛ ግን መኪናው ገብቷል፣ ፋብሪካው የለም። ምናለሽ ተራ የማይጠግነው ነገር በብዛት ስንገዛ ሁለተኛችን ነው ልበል? የመጀመሪያው ባቡሩ ነበር። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ስልኬ በፎቶ ተጥለቀለቀ። 34 ኪሎ ሜትር፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ብድር ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መለዋወጫ ጠፋና ባቡሮቹ እየተራ ቆሙ። አገሩ ሁሉ የጠጋኝ አገር ነው፤ ባለሙያው ግን ዕቃ ከሌለው ምን ይሠራል?

በማግስቱ «ዶሮ ማነቂያ ውሰደኝ» አልኩት።

«ምን ልታይ?» አለኝ።

መጋቢት 2016 ላይ በኮሪደር ልማቱ የፈረሰ ሰፈር ነው። ይህን አውቃለሁ፤ በቪዲዮም አይቼዋለሁ። ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው ንጣፍ ላይ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ይሄዳል። የብስክሌት መስመር አለ። መብራቱ ማታ ማታ የሠርግ ቤት ይመስላል። ልጆች ይሮጣሉ፣ ፍቅረኛሞች ፎቶ ይነሳሉ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች በዝግታ ይንሸራሸራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ ለመሄድ ብሎ ሲሄድ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አለ። ይሄ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን ውስጥ ኡበር የሚነዳ ሰው ይመስክር፤ እኛ ሽንት ቤት ፍለጋ የማንፈልገውን ቡና እየገዛን ነው የምንኖረው።

ቤታችን የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሞከርኩ። ከጊዮርጊስ ጉልላት አንፃር ለካሁ። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አንድ የአበባ መደብ አጠገብ ቆምኩና «እዚህ ጋ ነው መሰለኝ» አልኩ። የአክስቴ ልጅ «አይ፣ እዚያ ጋ ነው» አለኝ። ሁለታችንም እርግጠኛ አልሆንንም።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያሉኝ አንድ አዛውንት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ማታ ዋሽንግተን ውስጥ ዋርፍ ከሚባለው ወንዝ ዳር የጫንኳቸው ጥቁር አሜሪካዊ። ዋርፍ አሁን የሀብታም መዝናኛ ነው፤ ጀልባ፣ ሙዚቃ፣ ውድ ምግብ ቤት። ሰውዬው በመስኮት እያዩ «እዚህ ጋ የእናቴ ቤት ነበር» አሉኝ። ታሪኩን ቆይቼ አነበብኩት። ሳውዝዌስት የሚባለው ያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በ«ከተማ ማደስ» ስም ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል ፈርሷል። 23 ሺህ ያህል ሰው ተነሳ፤ አብዛኛው ጥቁር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1954 ለአፍራሹ ተፈረደ። ሰፈሩ በእርግጥ የተጎሳቆለ ነበር። የካፒቶል ጉልላት ከኋላ፣ ቧንቧና ሽንት ቤት የሌላቸው የእንጨት ቤቶች ከፊት የሚታዩባቸው የዚያን ጊዜ ፎቶዎች አሉ። ለአሜሪካ ዓለም ፊት የሚያሳፍር ምስል ነበር።

አዛውንቱን «አዘኑ?» አልኳቸው።

«ቤቱስ መጥፎ ነበር» አሉኝ። «ጎረቤቶቻችን የት እንደገቡ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ሁለቱን አንድ ነው ልል አልፈልግም። የእኛው አንድ የተሻለ ነገር አለው፤ በቀበሌ ቤት ይኖር የነበረ ሰው ምትክ ቤት አግኝቷል። በእሱ ጓዳ የተጠጋው፣ ቆጥ ላይ አልጋ የተከራየው፣ በር ላይ ሱቅ በደረቴ ያኖረው ግን ስሙ የትም መዝገብ ላይ የለም። ፈረሳው ሲመጣ ምትክ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያውቃል፤ ከመዝገቡ ሰው ይልቅ የቆጡ ሰው ይበዛ ነበር።

አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ እሷ ናት። አሁን የምትኖረው አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፒያሳ እዚያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታክሲ ቀይረን፣ ቀሪውን በእግር ነው የሄድነው። መኪናው አሁንም ቻርጅ አልነበረውም።

ገና ስገባ ያሳየችኝ ሽንት ቤቷን ነው። አልጋውን አይደለም፣ ሳሎኑን አይደለም። በሩን ከፍታ ቆመች። «እየው፣ የራሴ ነው። ቁልፍ አለው።» ዶሮ ማነቂያ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ጉድጓድ ነበር የምንጠቀመው። ማታ ሴቶች ባትሪ ይዘው፣ ልጅ አስከትለው ነበር የሚወጡት። በ66 ዓመቷ የራሷን በር የቆለፈች ሴት ፊት ስለ ጠፋ ሰፈር ማልቀስ ያሳፍራል። አፌን ዘጋሁ።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ግን ራሷ ጀመረችው። እቴቴ እንጀራ ጋግራ ነበር የምትኖረው። ፒያሳ ደንበኞቿ አራት ትናንሽ ምግብ ቤቶችና የሰፈሩ ወንደላጤዎች ነበሩ። አሁን ምግብ ቤቶቹም የሉም፣ ወንደላጤዎቹም የት እንዳሉ አይታወቅም። አራብሳ ሁሉም ሰው ለራሱ ይጋግራል። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይቦካል፣ አልፎም ይኮመጥጣል። እድሩስ? የእድሩ አባላት በአራቱም ማዕዘን ተበትነዋል። ሰው ሲሞት በስልክ ይነገራል። ቀብር ይደርሳሉ፣ ለቅሶ ቤት ግን አይቀመጡም፤ ወደ ማታ ታክሲ አይገኝም። «ሦስት ቀን ማንም አያድርም» አለችኝ። «ድንኳኑን እንኳ ማን ጋ እንደተቀመጠ አናውቅም።»

ቆሻሻዋን ልጥልላት ተነሳሁ። ገንዳው የት እንደሆነ ስጠይቃት አንድ ጆንያ ሙሉ ሃይላንድ አልጋ ሥር አየሁ። ባዶ የውኃ ጠርሙስ፣ ክዳን ያለው፣ ክዳን የሌለው፣ ሁለት ጄሪካን፣ አንድ የተሰበረ ወንበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ለቆራሌው ነዋ።»

«ይመጣል እንዴ?»

«አያስገቡትም። ጥበቃው ይከለክለዋል። ዕቃ ጠፋ ብለው ነዋሪዎቹ ስብሰባ ላይ ወሰኑ።» ትንሽ ዝም አለች። «ግን እንዴት እጥለዋለሁ?»

ይቺ «እንዴት እጥለዋለሁ» አብራኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብታለች።

አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ የደነገጥኩት በምን መሰላችሁ? በፎቁ አይደለም። ሰው ደህና ሶፋ ደጅ አውጥቶ ሲጥል ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ግማሽ ዕቃ ከመንገድ ዳር ነው ያነሳሁት፤ ጠረጴዛ፣ የሚሠራ ቴሌቪዥን፣ ያልተከፈተ የሻይ ስኒ። ቆራሌው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። እንደ አገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስሌት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ በቀን 2.2 ኪሎ ያህል ቆሻሻ ያወጣ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሰው ሲታሰብ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

«እነሱ ግን ሪሳይክል ያደርጋሉ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ዓመታት እንደዚያ ብዬ አምኜ ጠርሙሴን አጥቤ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። ብዙው ወደ ቻይና ይጫን እንደነበር ያወቅኩት ቻይና በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «በቃኝ፣ የራሳችሁን ያዙ» ስትል ነው። ያኔ የስንቱ ከተማ ሳጥን ተመልሶ ቆሻሻ ሆነ። አሜሪካም ቆራሌው ነበራት፤ ውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ አይታያትም እንጂ። ሰልባጁም ያው ነው። እነሱ «ለበጎ አድራጎት ሰጠን» የሚሉት ልብስ በቦንዳ ታስሮ አገር ያዳርሳል፤ በኮንትሮባንድ እኛም ጋ ይገባል። መርካቶ የማውቀውን የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ሹራብ የለበሰ ተሸካሚ አይቼ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሳጥኑ ውስጥ የማይገባው ቆሻሻዬ ደግሞ በባቡር ነው የሚሄደው። ቀልዴን አይደለም። የእኛ ካውንቲ ቆሻሻ ሼዲ ግሮቭ ከሚባል ቦታ በባቡር ተጭኖ ዲከርሰን ይሄዳል፤ እዚያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተቃጠለ ኤሌክትሪክ ይመነጭበታል። ጭሱን የሚቃወሙ የዚያ አካባቢ ሰዎች ዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ጋ ግን አይሸትም። ሀብታም አገር ማለት አንዱ ትርጉሙ ይሄ ነው፤ ቆሻሻህ የማይሸትህ።

እኛ ጋ ይሸታል። ረጲ ያለው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሟል። መጀመሪያ ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ሄዶ ከበበው። በ2008 ሰንዳፋ ዘመናዊ መድፊያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች «የናንተን ቆሻሻ ለምን እኛ?» አሉ። ጥያቄው የዲከርሰን ሰዎች ጥያቄ ነው። ልዩነቱ መጥቶ የሚያወያያቸው ቀድሞ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው ተዘጋና መኪናው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ እዚያው ሥር የላስቲክና የጭቃ ቤት ሠርተው፣ ከዚያው እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። ሴቶችና ሕፃናት። ያን ሌሊት ዋሽንግተን ያለን ሰዎች በስልክ ስናለቅስ አድረናል። በሳምንቱ ግን ስለ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ከዚያ ነሐሴ 2010 ላይ እዚያው አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ፤ የዲከርሰን ታናሽ ወንድም በሉት። ግን አስቡት። የሲልቨር ስፕሪንግ ቆሻሻ ካርቶን ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ይነዳል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ፣ አመድ። በዚያ ላይ የክረምት ዝናብ። የሚነደውን ነገር ቆራሌው ቀድሞ ወስዶታል! እርጥቡን ለማቃጠል ከመሞከር ማዳበሪያ ማድረግ አይቀልም ነበር? ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን እቴቴን ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር።

የፌስታሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ አምስት ሳንቲም ጣለች፤ ገንዘቡም አናኮስቲያ ወንዝን ለማጽዳት። አምስት ሳንቲም ምንም አይደለም። ግን ገንዘብ ተቀባይዋ «ፌስታል ትፈልጋለህ?» ብላ ስትጠይቅህ ታፍራለህ፤ በእጅህ ትሸከማለህ። ኢትዮጵያ በ2017 በአዋጅ ከልክላለች፤ ከአምስት ሳንቲም ጠንከር ያለ ነው። እሰየው። ቀበና ወንዝ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ያያችሁ ሰዎች ለምን እሰየው እንዳልኩ ታውቃላችሁ። እቴቴ ግን ዜናውን በሬዲዮ ስትሰማ ሳቀች አሉ። ዘንቢሏ ከዶሮ ማነቂያ አብሯት መጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ይሄን ሁሉ አንድ ማታ ለአክስቴ ልጅ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ ቢራውን አስቀመጠና «ብሮ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?» አለኝ።

«በለኝ።»

«አንተ እዚያ ሆነህ ድህነታችን ይናፍቅሃል።»

ተናደድኩ። ቀጠለ። «ቆራሌው እኮ ፈልጎ አይደለም። ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፣ ሌላ ሥራ ቢያገኝ በማግስቱ ጆንያውን ይጥለዋል። እናቴም ሃይላንድ የምታጠራቅመው አካባቢ ለመጠበቅ አይደለም፤ ሳንቲም ስለሆነ ነው። እኛም አንዴ እንጣል! አንተ 14 ዓመት ጥለህ የለ?»

ምን እላለሁ? ልክ ነው። ጋራዤ ውስጥ ሦስት የማይሠሩ ቫክዩም አሉኝ፤ ሁለተኛው የቆመው አምስት ዶላር በማታወጣ ቀበቶ ነው፤ ከማስጠገን መግዛት ስለሚቀል ገዛሁ። ሦስተኛው ለምን እንደቆመ እንኳ አላየሁትም።

ሌላም ነገር አለ፤ ልናገረው ደስ አይለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወር ሳይሞላው 100 አለፈ፤ ከዚያም አላቆመም። እኔ ለእቴቴ የምልከው 200 ዶላር ድሮ 11 ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ ወደ 30 ሺህ ይጠጋል። የኔ ዶላር ሲወፍር የእቴቴ ጎረቤት ደመወዝ ከሳ። ጎረቤቷ መምህር ነው፣ ውጭ አገር ዘመድ የለውም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ በትህትና «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጋሼ» ይለኛል። በዕድሜ ይበልጠኛል እኮ! «ጋሼ» ያስባለው ዶላሩ ነው። እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ ሥጋ በላሁ፣ ማኪያቶ ጋበዝኩ፣ ከዚያ ስለ ቁጠባ ሰበክሁ። የአክስቴ ልጅ ብዙ ታግሦኛል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። እሱ መጣል የዕድገት ደረጃ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ትጥላለህ፣ ስትጠግብ ትለቅማለህ። አሜሪካም እንደዚያ ነው ያደረገችው። እኔ ደግሞ አልኩት፤ አሜሪካ ለመልቀም ስትመለስ ለቃሚው ጠፍቶባት ነው። ሳጥን ገዛች፣ መኪና ገዛች፣ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፣ ያም ሆኖ መልሳ የምትጠቀመውና የምታበሰብሰው ተደምሮ ሲሶው ነው። የእኛ ለቃሚ ግን በር ላይ ቆሟል። የጎደለው ጓንት ነው፣ መታወቂያ ነው፣ ዕቃውን የሚያሳርፍበት አንድ ጥግ ነው፣ ጥበቃው «ግባ» የሚለው ደብዳቤ ነው። ያን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ስንሠራ ለመኪና ማቆሚያ አሰብን። ለቆራሌው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አላሰብንም።

«ስብሰባ ላይ አንሣው እንግዲህ» አለኝ እየሳቀ። «ዳያስፖራ ነህ፣ ይሰሙሃል።»

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እቴቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት በርበሬ ስታሽግልኝ፣ ከሩቅ፣ ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ። «ቆራሌዮ!»

እቴቴ በርበሬውን ጥላ ተነሳች። ወደ በረንዳው ሮጠች ብል አላጋነንኩም። የእሷ በረንዳ የጊቢው አጥር ላይ ነው የሚወርደው። «አንተ ልጅ! ና እዚህ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ከበሩ ኋላ ገመድ አወጣች። ገመዱ ዘንቢሉ ላይ ታስሮ የተዘጋጀ ነው። ለካ ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። ሃይላንዶቹን ከጆንያው ወደ ዘንቢሉ እየገለበጠች በሦስት ዙር አወረደች፤ ጄሪካኖቹን በጆሯቸው አስራ። የተሰበረውን ወንበር እኔ በገመድ ይዤ አወረድኩ። ጥበቃው ከበሩ ሆኖ አየን፣ ፊቱን አዞረ።

ልጁ ጆንያውን በእጁ መዝኖ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ሠላሳ ብር፣ እማማ!»

«ሂድ ወዲያ! ወንበሩስ?»

«ወንበሩ ተሰብሯል እኮ!»

«ባይሰበር እሰጥህ ነበር? አርባ አድርገው!»

«ሠላሳ አምስት!»

እቴቴ ወደ እኔ ዞር አለች። ፊቷ የዶሮ ማነቂያ ፊት ሆኗል። «ዝም በል፣ ይጨምራል» አለችኝ፤ ምንም ሳልናገር። ከዚያ ክርኗን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ ጊዜ እንዳላት ሰው፣ መጠበቅ ጀመረች።